መውጫ የሌለው ሐይቅ ዳር፦ የሐዋሳ የአምስት ቀን ማስታወሻ

ሰኞ

አውቶቡሱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሣል እያልኩ ለሦስት ሳምንት ያሳሰብኩት እኔ ነኝ፤ 12፡40 ላይ እያለከለክሁ የደረስኩትም እኔው ነኝ። 26ቱም ተማሪዎች ቦታ ቦታቸውን ይዘው በጭብጨባ ተቀበሉኝ። ሾፌሩ ብቻ አላጨበጨቡም። "መምህር፣ ተማሪ ቢሆኑ ኖሮ ትቼዎት ሄጄ ነበር" አሉኝና ሞተሩን አስነሡ።

የማስተምረው የወጪ ሂሳብ አያያዝ ነው። የኮሌጃችን የሦስተኛ ዓመት የቢዝነስ ተማሪዎች በዓመት አንድ ጊዜ ከክፍል ይወጣሉ፤ ከፊሉን ጊዜ ፋብሪካ ይጎበኛሉ፣ ከፊሉን የማኅበረሰብ አገልግሎት ይሰጣሉ። ዘንድሮ ዕጣው ለሐዋሳ ወጣ። ከአውቶቡሱ ኋላ አንድ መቶ ደብተር፣ ሃምሳ እስክሪብቶና ሃያ ትንንሽ ካልኩሌተር በካርቶን ታሽጎ ተጭኗል። ሐይቁ ዳር ዓሣ ለሚሸጡ ሴቶች "መሠረታዊ የሂሳብ አያያዝ" ለማስተማር ተማሪዎቹ ከኪሳቸው አዋጥተው የገዙት ነው። የሥልጠናውን ጽሑፍ አይቼ አጽድቄዋለሁ። አሥራ አራት ገጽ ነው። ረቡዕ ላይ ስለሚያሳፍረኝ ከአሁኑ ልናዘዝ።

እስከ ሞጆ በፍጥነት መንገዱ በረርን። ደረቅ ወደቡ ደጃፍ ላይ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል፤ እኛ ወደ ደቡብ ታጠፍን። መቂ ላይ በሣጥን የተደረደረ ቲማቲም፣ ባቱ ላይ ቁርስ፣ ከዚያ በኋላ አሮጌው መንገድ፣ ጋሪ፣ ከብት፣ እንደገና ጋሪ።

ቡልቡላን እንዳለፍን ሾፌሩ በቀኝ በኩል ጠቆሙ። "አብያታ ያ ነው። ልጅ እያለሁ ውሃው ወደዚህ ይቀርብ ነበር።" የሚታየው ከሐይቁ ይልቅ በዙሪያው የቀረው ነጭ ዳርቻ ነው። አብያታ መውጫ የለውም። ከሚመገባቸው ውሃዎች ዋነኛው ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ የሚወርደው ነው፤ የላይኛው ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከራሱ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ሲሳብ፣ ዳርቻው በየዓመቱ እየሸሸ ሄደ። ይህን በማይክሮፎን ስናገር ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ተነሣ። ጓደኞቹ "ኦዲተሩ" የሚሉት ልጅ ነው። ካፌ ውስጥ የሻይ ሂሳብ ሁለት ጊዜ የሚደምር፣ ደረሰኝ የማይጥል ዓይነት ልጅ።

"መምህር፣ ያ ውሃ በማን መዝገብ ላይ ወጪ ሆኖ ተያዘ?"

"በማንም። ኢኮኖሚስቶች ውጫዊ ወጪ ይሉታል።"

"ታዲያ ሂሳቡ እንዴት ገጠመ?"

መልስ ሳልሰጥ ሻሸመኔ ደረስን ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ሻሸመኔ ግን ገና ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀረን ነበር። "ጥሩ ጥያቄ ነው" አልኩት። መምህር መልስ ሲያጣ የሚለው ይህንኑ ነው።

ጥቁር ውሃን ተሻግረን ሐዋሳ ስንገባ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ያረፍንበት ፔንሲዮን ከሐይቁ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ግን ፉጨት እንጂ ውሃ አይሰጥም። ሃያ ሰባት ሰው በአራት ባልዲ ታጠብን።

ማክሰኞ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ። ተማሪዎቹ አኃዙን ከክፍል ይዘውት መጥተዋል፦ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የቻይናው ተቋራጭ ሲሲኢሲሲ ግንባታውን በዘጠኝ ወር ገደማ ጨረሰ፤ 52 ሼዶች አሉት፤ የታቀደው ለ60 ሺህ ሰው የሥራ ዕድል እንዲፈጥር ነበር። አኃዝ ይዞ መምጣት ጥሩ ነው። ሼዱ ውስጥ ሲገቡ ግን የልብስ ስፌት መኪናው ጫጫታ አኃዙን ሁሉ ከጭንቅላት ያስወጣል።

የገባንበት ሸሚዝ የሚሰፋበት ክፍል ነው። በየመስመሩ ራስ ላይ አንድ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሦስት ቁጥር ብቻ በማርከር ተጽፎበታል፦ ታርጌት 60፣ የተሠራ 41፣ የተመለሰ 4። የመስመሩ ኃላፊ ወጣት ነው፤ ለቢዝነስ ተማሪ ሥራውን ማስረዳት ያስደስተዋል። "አንድ ሸሚዝ ሁሉም እጅ ተደምሮ 20 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በመስመሩ 30 ሰው አለ። ቀኑ 480 ደቂቃ ነው። ስንት ሸሚዝ?" ካልኩሌተር ያወጡም ነበሩ፤ ኦዲተሩ በቃሉ "720፣ በሰዓት 90" አለ። "ታዲያ ለምን ሰሌዳው 60 ይላል?" አለ ኃላፊው። ዝም አልን። "ምክንያቱም 90 በወረቀት ላይ ነው። አንዷ ትታመማለች፣ መርፌ ይሰበራል፣ ክር ቀለሙ ይለያል፣ ከፊቷ ያለችው ልጅ ስትዘገይ ከኋላ ያለችው እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ዋናው ሥራዬ ልብስ ማሰፋት ሳይሆን ማንም ማንንም እንዳይጠብቅ ማድረግ ነው።" የመስመር ሚዛን የሚለውን ርዕስ እኔ በሦስት ክፍለ ጊዜ እንዲህ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም።

አጠገቤ ኮሌታ የምትሰፋ ልጅ ነበረች። አመልካች ጣቷ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ኮሌታውን ታነሣለች፣ ጠርዙን ታገጣጥማለች፣ መኪናውን ታስጮኻለች፣ ታዞራለች፣ ክሩን በጥሳ ወደ ግራ ትወረውራለች። በልቤ ቆጠርኩ፤ ሃያ ሁለት ሰከንድ። አሥራ ሁለት ኮሌታ እስክትጨርስ ቆሜ አየሁ፣ አንድ ጊዜም ቀና አላለችም። ከአንዱ ኮሌታ በቀር ሁሉም ሃያ ሁለት ነበር። ያን አንዱን ጊዜ ያዘገያት የእኛ ሰልፍ ነው፤ ጋሪዋን አልፈን ስንሄድ አንድ ተማሪያችን እግሩ ነክቶት ነበር።

ስለ ደመወዝ የጠየቀች ተማሪ "በስምምነት ነው" የሚል መልስ አገኘች። እውነትም ሕጉ እስካሁን ለግል ድርጅቶች ቁጥር አላስቀመጠም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገርና እዚያው ላይ ያቆማል። በዚያው በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ማዕከል ያወጣው ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑን ጽፎ፣ ለዓለም ገበያ ልብስ ከሚሰፉ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው ብሎ ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ የነገርኳቸው ወደ አውቶቡስ ከተመለስን በኋላ ነው። እንግዳ ሆኖ በሰው ቤት ሁሉንም መናገር አይገባም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ፍርሃትም ነበረበት።

ከዚያ ባዶ ሼዶች አጠገብ አለፍን። ፓርኩን ካቋቋሙት ዋነኛ ደንበኞች አንዱ የሆነው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. መውጣቱን አስታወቀ፤ ከወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል ታገደች። ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ የነበረው ሸሚዝ ባንድ ሌሊት ቀረጥ የሚከፈልበት ሸሚዝ ሆነ። ሰፊዋ ያቺው፣ ክሩ ያው፣ ሃያ ሁለቱም ሰከንድ ያው። የወጪ ሂሳብ መምህር እንደመሆኔ ሁልጊዜ የምለፋው በሼዱ ውስጥ ያለውን ወጪ በመቀነስ ላይ ነው። ኮሌታ የምትሰፋው ልጅ ሃያ ሁለቱን ሰከንድ ወደ ሃያ ብታወርደውም ግን ለዚያ ቀረጥ የሚተርፍ ነገር አልነበረም።

ጉብኝቱን የጠቀለልነው ፍሳሽ ማጣሪያው ዘንድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሰማነው ሁሉ በጣም የገረመኝም ይኸኛው ነው። የሐዋሳ ሐይቅም እንደ አብያታ መውጫ የለውም። ከጨለለቃ ረግረግ የሚነሣው ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከሐይቁ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የሚሄደው ተንኖ ወይም ሰርጎ ነው። ስለዚህ የተደፋበት ሁሉ እዚያው ይከማቻል። ፓርኩ ሲታቀድ አንድም ጠብታ ፍሳሽ ወደ ውጭ የማይለቅ ማጣሪያ የተሠራለት በዚህ ምክንያት ነው። ከማቅለሚያ ቤት የሚመጣው ውሃ መጀመሪያ በገንዳ ይጠራቀማል፣ ባክቴሪያ ይበላዋል፣ ይዘቅጣል፣ ከዚያ ቀዳዳቸው በዓይን በማይታይ ማጣሪያዎች ውስጥ በግፊት ያልፋል፣ የቀረው ጨዋማ ውሃ ደግሞ ጨው እስኪሆን ድረስ ይቀቀላል። አብዛኛው ውሃ ተመልሶ ፋብሪካ ይገባል።

አስጎብኚያችን ሦስት ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ፦ አንዱ እንደ ጠላ የጠቆረ፣ ሁለተኛው የደፈረሰ ቢጫ፣ ሦስተኛው ጥርት ያለ። አራተኛ ትንሽ ብልቃጥ ደግሞ ነበረች፤ በውስጧ ግራጫ ጨው።

"ይህ ጨው የት ይሄዳል?" ኦዲተሩ ነው።

"ይከማቻል።"

"ለማጣራትም ለመቀቀልም የሚያስፈልገው መብራትስ? ማጣሪያው ሲያረጅ የሚቀየርበትስ? በሸሚዙ ዋጋ ላይ ነው የሚደመረው?"

አስጎብኚው ፈገግ አለ። "አንተን ገዢዎቹ ፊት ማቅረብ ነበር። ገዢዎቹ ንጹሕ ውሃ ይወዳሉ፤ ዋጋው ግን ካቻምና ከነበረው አንድ ሳንቲም እንዲበልጥ አይፈልጉም።"

ማታ አንዲት ተማሪያችን ፓርኩ ውስጥ የምትሠራ የአክስቷን ልጅ ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። አራት ሆነው በተከራዩት አንድ ክፍል ራት በልታ ተመለሰች። የወሩን ወጪ አብረው በወረቀት ጽፈው ኖሮ አሳየችኝ፦ የቤት ኪራይ ድርሻ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ከሰል፣ ቦዲቲ ለሚገኙት እናቷ የምትልከው። ከስሩ "ከ22ኛው ቀን በኋላ" ይላል፤ ፊት ለፊቱ ምንም አልተጻፈም።

ረቡዕ

ከንጋቱ 12፡30፣ አሞራ ገደል። ሌሊቱን ውሃ ላይ ያደሩት ታንኳዎች ይገባሉ፤ ዓሣ አጥማጆቹ መረቡን ዘርግተው ቆሮሶውን አንድ በአንድ ይፈታሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ፍርድ ቤት በር ላይ ቀጠሮ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ትከሻቸውን ሰብቀው ቆመዋል፤ የሆድ ዕቃ ሲጣል ግን ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ ይቀራል።

ከትልቅ ዛፍ ሥር አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ሰበሰብን። ሥልጠናው ተጀመረ። ገጽ አንድ፣ "ሂሳብ አያያዝ ምንድን ነው?" ገጽ ሁለት፣ "የሂሳብ አያያዝ ጠቀሜታ።" ገጽ ሦስት ላይ አብረውን የቆዩት አሥራ አንድ ናቸው፣ ገጽ አራት ላይ አራት። የሄዱት አልተቀየሙንም። ደንበኛ መጥቶባቸው ነው። ጾመ ነቢያት ገና ባይገባም ቀኑ ረቡዕ ነው፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሌላ ሆኖ፣ ለሐዋሳ ዓሣ ሻጮች ረቡዕና ዓርብ የሳምንቱ ገበያ፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ የዓመቱ መኸር ነው። ረቡዕ ጠዋት ዓሣ ሻጭን ለሥልጠና መጥራት በፋሲካ ዋዜማ በግ ነጋዴን ስብሰባ እንደመጥራት ነው። ፕሮግራሙ ላይ የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

የቀሩት አራቱ ለምን እንዳልሄዱ ጠየቅን። ሦስቱ ዓሣቸውን ጨርሰው ነበር። አራተኛዋ ሰማያዊ ሻሽ ያሠሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ አርባ አምስት የሚጠጋ ሴት ናቸው። "እኔ የቀረሁት ልጆቹ ስላሳዘኑኝ ነው" አሉ።

አንዷ ተማሪ መጠይቋን አወጣች። ተራ ቁጥር ሰባት፦ "ወርኃዊ የተጣራ ትርፍዎ ስንት ነው?"

"የተጣራ? ማር ሲጣራ አይቻለሁ እንጂ ትርፍ ሲጣራ አላየሁም።"

ሳቅ ሆነ። ከዚያ ግን እሳቸው ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ። ደብተሩን ተቀብለው ገቢና ወጪ ተብሎ የተሠመረውን እያዩ፣ "ልጆቼ የሚበሉት ዓሣ የት ይገባል?" አሉ። አንዱ ወጪ ነው አለ፣ ሌላዋ ባለቤቱ ከንግዱ የወሰደው ተብሎ ለብቻው ይያዛል አለች። "እሺ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሬ የቆምኩበትስ?" ተማሪዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ሐይቁ።

ልጃቸውን ጠርተው ደብተሯን አስመጡ። ሰባተኛ ክፍል ናት። ከፊት በኩል የሒሳብ የቤት ሥራ ነው፤ ከጀርባ ገልብጠው ሲከፍቱት የእናቷ የዱቤ መዝገብ። በገጾቹ መካከል የደረቀ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቆ እንደ ሚካ ያብለጨልጫል፤ አንዳንዱ ቁጥር በውሃ ርሶ ፈሷል። መዝገቡ በአብዛኛው የአንድ ደንበኛ ነው፤ የአንድ ሆቴል። በሳምንት ሦስት ቀን ስምንት ስምንት ኪሎ የጸዳ ዓሣ ያስረክቡታል፤ ኪሎው 400 ብር። በአሥራ አምስት ቀን እንከፍላለን ብሎ ጀምሮ አሁን በወር ይከፍላል፤ ሲመቸው።

ተማሪዎቹ ከበቡ። መጠይቁ ተረሳ። ስምንት ኪሎ በ400፣ 3,200። አሥራ ሁለት ርክክብ፣ 38,400 ብር። ሴትዮዋ ለዓሣ አጥማጆቹ የሚከፍሉት እጅ በእጅ ነው። ገንዘቡን ከየት ያመጣሉ? ከዕቁብ፤ ዕጣው 30,000 ነው። ዕቁቡ ሳይደርስ ሲቀርስ? ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከሰው" አሉ። በወር ከመቶ አሥር። አራጣ ነው።

ከሲዳማዋ ከተማ ከአለታ ወንዶ የመጣችው ተማሪያችን ቀስ ብላ፣ "ስለዚህ ሆቴሉን እያበደሩት ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ያለ ወለድ" አለቻቸው።

"ይህን ማታ ማታ አስበዋለሁ" አሉ ሴትዮዋ። "እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው ግን የለም።"

አሥራ አራት ገጹን ካርቶኑ ውስጥ መልሰን ከተትነው።

ሐሙስ

ወደ ይርጋለም። የሲዳማ ኮረብታዎች እንሰት፣ ቡና፣ እንደገና እንሰት፤ ከቤቱ ጓሮ እስከ መንገዱ ጠርዝ አንዲት ስንዝር ባዶ መሬት የለም። የይርጋለምን የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያየነው ከአጥሩ ውጭ ሆነን ነው፤ የትብብር ደብዳቤውን ለሌላ ቢሮ ልኬው ኖሯል። ጥበቃው ትሑት ሰው ነበር። ስለ አቮካዶ ዘይት ያዘጋጀሁትን ማብራሪያ አስፋልት ዳር ቆሜ ሰጠሁ፤ የሚያዳምጠኝ ግማሹ ነበር፣ የቀረው ከአንዲት ልጅ አቮካዶ ይገዛል።

አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ግን ተቀበለን። ኅዳር ነው፤ እሸቱ እየደረሰ ነው። ገበሬው ቀይ ፍሬውን በጆንያና በቅርጫት ያመጣል፣ ይመዘናል፣ መፈልፈያው ሥጋውን ይገፋል፣ ፍሬው በገንዳ ውስጥ ይብላላል፣ በቦዩ ይታጠባል፣ ከዚያ በማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሴቶች ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው የተጎዳውን ፍሬ በጣታቸው ይለቅማሉ። ወደ ስድስት ኪሎ የሚጠጋ እሸት ተፈልፍሎ፣ ታጥቦና ደርቆ አንድ ኪሎ ለውጭ ገበያ የሚሆን ቡና ይሰጣል። የጣቢያው ኃላፊ ስልኩን አውጥቶ የኒው ዮርክን የቡና ዋጋ አሳየን። ከዚህ ኮረብታ ላይ ሆኖ በቀን አሥር ጊዜ ያየዋል።

ከመፈልፈያው የሚወጣው ውሃ ቡናማና ጎምዛዛ ነው፤ ወደ ወንዝ እንዳይወርድ ጉድጓድ ቆፍረው ዙሪያውን ቬቲቨር ሣር ተክለውበታል። ኦዲተሩ ጉድጓዱን ዞሮ ዞሮ አየው። "ይህኛው ተጽፏል" አለኝ። ሣሩን የገዙበትን ወጪ በመዝገብ አሳይተውት ኖሯል።

እኔን የያዘኝ ግን ሚዛኑ ነው። አንድ አዛውንት ጆንያቸውን ሰቀሉ። መርፌው 17 ተኩል ላይ ቆመ። መዝጋቢው 17 ብሎ ጻፈ። የሚቀጥለው 23 ከምናምን፤ 23 ተባለ። ቀስ ብዬ ስጠይቀው አልደበቀኝም፦ "ለእርጥበቱና ለቅጠሉ ማካካሻ ነው። የተለመደ ነው።" ወደ ላይ የሚጠጋጋበት ቀን አለ ወይ ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። ክፋት የለበትም፤ ከእሱ በፊት የነበረውም እንዲህ ይጽፍ ነበር። የአለታ ወንዶዋ ልጅ በሲዳምኛ አዛውንቱን አነጋገረቻቸው። ያውቃሉ። ጠዋት ቤታቸው በራሳቸው ሚዛን መዝነው ነው የመጡት። "ታዲያ ለምን ዝም ይላሉ?" ስትላቸው የመለሱትን ተረጎመችልኝ፦ የሚቀጥለው ጣቢያ ሁለት ሰዓት በእግር ነው፤ እሸት ደግሞ አያድርም።

እንደ ሸሚዙ ፋብሪካ በዝምታ ላልፍ ነበር። ተማሪዬ ግን ቀድማኝ ለኃላፊው፣ "ግማሿን ኪሎ ለብቻዋ በሌላ ዓምድ ብትጽፏትስ? ቢያንስ ተቀናሽ መሆኗ ይታያል" አለችው። ኃላፊው አስበዋለሁ አለ። ያስበው እንደሆነ እንጃ።

ምሳ ቡርሳሜ በላን፤ ቆጮ በቅቤ፣ ከእርጎ ጋር። ከጉዞው ሁሉ ማንም ያልተከራከረበት ጉዳይ ይህ ምሳ ብቻ ነው።

ዓርብ

ትናንት ማታ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ተማሪዎቹ የፔንሲዮኑ ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጠው ደብተር ሲያሠምሩ አመሹ። ሥልጠናው ቀርቶ በየገጹ ባለ አራት መስመር የርክክብ ወረቀት ሆኗል፦ ቀን፣ ኪሎ፣ ዋጋ፣ የተረካቢ ፊርማ። ከመካከል ካርቦን ይገባል፤ አንዱ ለሆቴሉ፣ አንዱ ለሻጯ። ካርቦኑን ፍለጋ ፒያሳን ሦስት ጊዜ ዞረዋል፤ ያገኙት አንድ አሮጌ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ነው።

በዚህ ጊዜ የሄድነው ገበያው ሲበርድ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አሥራ ሰባት ሴቶች መጡ። ማስረዳቱ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ሰማያዊ ሻሽ ያሠሩት ሴት ግን የቆየውን ዕዳ የሚጠይቅላቸው ሰው ፈለጉ። ሃያ ስድስት ሰው ይዞ ሆቴል መግባት ወረራ ስለሚመስል ሦስት ተማሪዎች ብቻ አብረዋቸው ሄዱ፤ እኔ ከመንገዱ ማዶ ማኪያቶ አዝዤ ተቀመጥኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጡ። ፊታቸው ደስታም ንዴትም ነበረበት። ባለቤቱ የሉም ተብለው፣ ኋላ ሒሳብ ሹሙ መዝገቡን አውጥቷል። በሆቴሉ መዝገብ ያለው ርክክብ ዘጠኝ ነው፤ በልጅቷ ደብተር አሥራ ሁለት። ከሦስቱ ሁለቱ ውሃ ያፈሰሳቸው ገጾች ላይ ናቸው፣ አይነበቡም። ሦስተኛው ይነበባል፤ ፊርማ ግን የለውም። የዘጠኙን 28,800 ብር ከፈሏቸው። 9,600 ብሩ ቀረ።

ሴትዮዋ ብሩን ሻሻቸው ውስጥ ቋጥረው፣ "የቀረውን ሐይቁ በላው" አሉ። ኦዲተሩ ሊመልስ አፉን ከፈተና ተወው።

ሰባት ሰዓት ላይ ተነሣን። እኛ እንደወጣን ሴትዮዋ የዕለቱን ስምንት ኪሎ ወስደውላቸው ኖሯል፤ ባቱ ልንደርስ ስንል ልጅቷ ለአለታ ወንዶዋ ተማሪያችን ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችን። ሆቴሉ ዓሣውን ወስዷል፣ ወረቀቱም ላይ ፈርመዋል። ነገር ግን ከእንግዲህ ገንዘቡን በዕለቱ የምትፈልጉ ከሆነ በኪሎ 20 ብር ቀንሱ፣ አለዚያ እንደ ወትሮው በወር ብለዋል።

አውቶቡሱ ውስጥ ግርግር ተነሣ። አንዱ ወገን ይቀበሉ፣ ሌላው እምቢ ይበሉ። በመጨረሻ ኦዲተሩ ተነሥቶ ወንበር ተደግፎ ቆመ። "ሃያ ብር ከ400 አምስት በመቶ ነው። አንድ ወር ላለመጠበቅ 380 ተቀብሎ 20 መተው በዓመት ሲሰላ 64 በመቶ ገደማ ይመጣል።" ለማረጋገጥ እኔም በካልኩሌተር ሠራሁት፤ ልክ ነው። "ዕቁቡ ወለድ የለውም፤ ስለዚህ በዕቁብ ገንዘብ የሚነግዱ ከሆነ መጠበቅ ይሻላቸዋል። በአራጣ ከሆነ ግን ከመቶ አሥር በወር ነው፤ ያኔ ሃያውን ብር ቢቀንሱ ያተርፋሉ። የትኛውን ገንዘብ እንደሚጠቀሙ ሳናውቅ መምከር አንችልም።"

"እንግዲህ ጠይቂያቸዋ" አልኩ።

መልሳ ደወለች። የአራጣውንና የዕቁቡን ነገር በጥንቃቄ አስረዳቻቸው። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከጀርባቸው የአባ ኮዳ ክንፍ ሲማታና የሆነ ሰው "ቆሮሶ፣ ቆሮሶ" እያለ ሲጣራ ይሰማል።

"የኔ ልጅ፣ ነገ ቅዳሜ ነው" አሉ። "ከአዲስ አበባ ሰው ይመጣል። ዓሣዬን እዚሁ ዛፉ ሥር በ400 እሸጥና ሰኞ እነሱ ራሳቸው ይደውላሉ።"